ዲስፕሌስመንት ይበቃል ወይስ ስትሬይን ያስፈልጋል? የፋይናይት ኤለመንት ምርጫዎች ንጽጽር

የፋይናይት ኤለመንት ስሌት (አንድን አካል ኤለመንት ወደሚባሉ ትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ የሚያሰላው ዘዴ) ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ ያሸበረቀ ሥዕል ይወጣል። ቀዩ ያስፈራል፣ ሰማያዊው ያረጋጋል። ሥዕሉ ግን ከበስተጀርባው ስንት ውሳኔ እንዳለ አይናገርም። ኤለመንቱ ምን ዓይነት ነው? የስትሬይን (ቁሱ ከርዝመቱ አንጻር ምን ያህል እንደተለጠጠ ወይም እንደተጨመቀ) ቀመሩ የትኛው ነው? ቁጥሩ የተነበበው ከየትኛው ነጥብ ላይ ነው? እኛ ካልመረጥን ሶፍትዌሩ ይመርጥልናል። እሱ ደግሞ የእኛን ሥራ አያውቅም።

እዚህ ምርጫዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ አነጻጽራለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መጀመሪያ መወሰን ያለበት የምትፈልጉት ቁጥር ዲስፕሌስመንት ነው ወይስ ስትሬይን የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

ሶፍትዌሩ በቀጥታ የሚፈታው ዲስፕሌስመንትን ነው። ይህም እያንዳንዱ ኖድ (ኤለመንቶች የሚገናኙበት ነጥብ) ከነበረበት ቦታ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ማለት ነው። ስትሬይን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዲስፕሌስመንቱ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለዋወጥ ተሰልቶ ይገኛል። ዲስፕሌስመንት የመንገዱ ከፍታ ከሆነ ስትሬይን ዳገቱ ነው። ከፍታውን ከሩቅ መገመት ይቻላል፤ የዳገቱን መጠን ለማወቅ ግን ቀረብ ብሎ መለካት ይጠይቃል። ስለዚህ በአንዱ ሜሽ (የኤለመንቶቹ መረብ) ላይ ዲስፕሌስመንቱ ትክክል ሆኖ ስትሬይኑ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ወለሉ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ብቻ ለማወቅ ሻካራ ሜሽ ሊበቃ ይችላል። ብየዳው ይሰነጠቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን ያው ሜሽ አይረባም።

የምንለካበት ቢም

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንድ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ ሌላው ጫፉ ነጻ የሆነ የብረት ቢም አለን። ርዝመቱ 1000 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 50፣ ቁመቱ 100 ነው። ነጻው ጫፍ ላይ 5000 ኒውተን ወደ ታች ይጫነዋል። የብረቱን የመለጠጥ ሞጁል 200,000 ሜጋፓስካል እንበል።

በእጅ ሲሰላ ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ግድግዳው አጠገብ የላይኛው ገጽ ላይ ያለው ስትሬስ (በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፈው ኃይል) 60 ሜጋፓስካል ነው። ስትሬይኑ 0.0003 ይሆናል፤ በሌላ አነጋገር 300 ማይክሮስትሬይን። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 2 ሚሊ ሜትርና 0.0003ን፣ ያዟቸው። እያንዳንዱን ምርጫ በእነሱ እንመዝናለን። የራሳችሁን ሥራ ስትጀምሩም እንዲህ ያለ የእጅ ስሌት ሳይኖራችሁ ሶፍትዌሩን አትክፈቱ።

ቢም፣ ሼል ወይስ ሶሊድ?

የሕንፃ ፍሬም ከሆነ ጥያቄው ቀላል ነው፤ ቢም ኤለመንት ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የዲዛይን ቢሮዎች የሚሠሩባቸው ኢታብስ እና ሳፕ 2000 የተባሉት ሶፍትዌሮች ኮለንና ቢሙን የሚይዙት በዚሁ መንገድ ነው። አንድን ፎቅ ሙሉ በሶሊድ ኤለመንት (የቁሱን ይዘት በሦስቱም አቅጣጫ በሚሞላው) መሥራት ኮምፒውተሩን ከማስጨነቅ ውጭ ብዙ ጥቅም የለውም።

ቢም ውስጥም ሁለት ዓይነት አለ። የኦይለር-በርኑሊ ቢም መጉበጥን ብቻ ይቆጥራል። የቲሞሼንኮ ቢም የሸር ለውጥንም (የቁሱን ንብርብሮች አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት) ይጨምራል። በእኛ ምሳሌ ሸር የሚጨምረው 0.016 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1 በመቶ በታች። ርዝመቱን ወደ 200 ሚሊ ሜትር ብናሳጥረው ግን የሸር ድርሻ ከመጉበጡ 20 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ምርጫ ካለ ሁልጊዜ ቲሞሼንኮን እመርጣለሁ። ረጅም ቢም ላይ ምንም አይጎዳም፤ አጭር ቢም ላይ ያድናል።

ሶሌታ፣ ታንከር፣ ቀጭን የብረት ሳጥን ከሆነ ሼል (ስስ ገጽን የሚወክል ኤለመንት) ይሻላል። እዚህ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሼል ላይ ስትሬይን የላይኛው ገጽ፣ የመሃሉ እና የታችኛው ገጽ ተብሎ ይለያያል። ስክሪኑ የመሃሉን እያሳየ ከሆነ ሶሌታው ምንም ያህል ቢጎብጥ ከመጉበጥ የሚመጣው ስትሬይን ዜሮ ሆኖ ይታያል። የትኛው ገጽ እንደተመረጠ ሳታዩ ቁጥሩን አትጻፉ።

ሶሊድ የሚያስፈልገው መገጣጠሚያ፣ ቀዳዳ፣ ብየዳ፣ ወፍራም ቁራጭ ሲመጣ ነው። ትልቁ የኤለመንት ጣጣም የሚጀምረው እዚያ ነው።

የትኛው ኤለመንት? እዚህ ላይ ቆም እንበል

እ.ኤ.አ. በ1956 ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲን እና ቶፕ ባወጡት ጽሑፍ ውስጥ ባለሦስት ኖድ ትሪያንግል አለ። በዚህ ኤለመንት ውስጥ ስትሬይኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። የሚጎብጥ ነገር ላይ ግን ስትሬይን ከላይ እስከ ታች ይለዋወጣል። አንድ ቋሚ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ኤለመንት ይህን ሊከተል አይችልም። ባለአራት ኖድ ቴትራሄድሮንም ያው የዚህ ወንድም ነው። ሶፍትዌሩ ማንኛውንም ቅርጽ በቀላሉ ስለሚሞላበት ያቀርበዋል። መጉበጥ ባለበት ቦታ አትቀበሉት።

ባለአራት ኖድ አራት ማዕዘን እና የእሱ የሦስት አቅጣጫ ቅጂ የሆነው ባለ8 ኖድ ጡብ ይሻላሉ። ግን እነሱም ሲጎብጡ የውሸት ሸር ይፈጥራሉ። ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ሆኖ ይቀራል፤ መጉበጥ አይችልም። ያ የውሸት ሸር ጉልበት ስለሚበላ ኤለመንቱ ከሚገባው በላይ ግትር ይሆናል። ግትርነቱን በቁጥር ማስላት ይቻላል። የፖይሰን ሬሾ (ቁሱ ሲሳብ ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚቀጥን) 0.3 ሆኖ ቢሙን በ100 በ100 ካሬዎች በአንድ ረድፍ ብንሞላው ግትርነቱ 48 በመቶ ይበልጣል። 2 ሚሊ ሜትር የነበረው መውረድ ወደ 1.35 ይቀንሳል። ኤለመንቶቹን ወደ 200 ሚሊ ሜትር ካስረዘምናቸው ወደ 0.76 ገደማ ይወርዳል። ስሌቱ ያለ ምንም ስህተት መልእክት ያልቃል፤ ሥዕሉም ያምራል።

ረድፍ ሲጨመር ነገሩ ቶሎ ይሻሻላል። ካሬ ኤለመንት በ2 ረድፍ ስህተቱን ወደ 12 በመቶ፣ በ4 ረድፍ ወደ 3 በመቶ ያወርደዋል።

ሌላው መፍትሔ የተቀነሰ ኢንተግሬሽን ነው። ኤለመንቱ ስትሬይንን የሚያሰላው መሃሉ ላይ ባለ አንድ የጋውስ ነጥብ (ስሌቱ የሚሠራበት የተመረጠ ነጥብ) ብቻ ይሆናል። የውሸት ሸሩ ይጠፋል፤ ስሌቱም ይፈጥናል። ግን አዲስ ችግር ይመጣል። ቢሙ በቁመቱ አንድ ረድፍ ብቻ ካለው ያ ነጥብ በትክክል መሃል መስመሩ ላይ ይወድቃል። እዚያ የመጉበጥ ስትሬይን ዜሮ ነው። ኤለመንቱ መጉበጡን ጨርሶ አያየውም፤ አይቋቋመውምም። አውርግላስ የሚባለው መላ ቅጡ የጠፋ የሜሽ መንገዳገድ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስትሬይን ለሚፈልግ ሰው ደግሞ የበለጠ የሚያሳስብ ነገር አለ። 2 ረድፍ ካደረግን የጋውስ ነጥቦቹ ከመሃል መስመሩ እስከ ገጹ ያለውን ርቀት ግማሽ ላይ ይቀመጣሉ። ቢሙ በትክክል ጎብጦ እንኳ ነጥቡ የሚያየው 0.00015 ነው። ገጹ ላይ ያለው እውነተኛው 0.0003 ነው። በ4 ረድፍ የላይኛው ነጥብ የገጹን ሦስት አራተኛ ብቻ ያያል። በአንድ ነጥብ የሚሠራ ኤለመንት ቁጥሩን ወደ ገጹ ሲያወጣው እዚያው ያለውን ይዞ ይወጣል። ይህ የሶፍትዌር ጉድለት አይደለም፤ ነጥቡ ያለበት ቦታ ነው።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ለመደበኛ የስትራክቸር ሥራ፣ ስትሬይን ለሚያስፈልግበት ቦታ፣ ባለ20 ኖድ ጡብ ወይም ባለ10 ኖድ ቴትራሄድሮን ተጠቀሙ። ባለ20ው በተቀነሰ ኢንተግሬሽን ጥሩ ይሠራል። በቁመቱ አንድ ረድፍ ብቻ ቢኖረውም መጉበጥን በደንብ ይይዛል። ግጭት፣ ፍንዳታ ወይም ብዙ ንክኪ ያለበት ስሌት ከሆነ ባለ8ው በተቀነሰ ኢንተግሬሽን ተመራጭ ነው፤ ግን በቁመቱ 4 ረድፍ ቢያንስ። ጎማን ለመሰለ መጠኑ ለማይቀንስ ነገር ደግሞ ግፊቱን ለብቻው የሚያሰላ ሃይብሪድ ኤለመንት ያስፈልጋል። አለበለዚያ ሜሹ ይቆለፋል፤ ማለትም ከሚገባው በላይ ግትር ይሆናል።

ይህ የወረቀት ጭንቀት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1991 በኖርዌይ ስታቫንገር አቅራቢያ ስሌይፕነር ኤ የተባለው የባሕር ነዳጅ መድረክ ኮንክሪት መሠረት ለሙከራ ቀስ እያለ በሚጠልቅበት ጊዜ ተሰንጥቆ ሰመጠ። ምርመራው ካገኛቸው ምክንያቶች አንዱ ሦስት ሲሊንደሮች በሚገናኙበት ቦታ ሜሹ ሻካራና የተዛባ መሆኑ ነው። በዚያ የተነሳ የሸር ስትሬሱ በ47 በመቶ አንሶ ተሰልቷል። የግድግዳው ውፍረትና የፌሮው አቀማመጥ የተወሰነው በዚያ ቁጥር ነው። ከአደጋው በኋላ በተሻለ ሜሽ ሲሰላ መሠረቱ 62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር አሳየ። በእውነቱ የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነበር። ዘዴው መልሱን ማግኘት ይችል ነበር፤ የጎደለው ያ ቦታ የሚገባው ጥንቃቄ ነው።

ሊኒየር ወይስ ትልቅ ለውጥን የሚቆጥር?

ሊኒየር ስሌት ለውጡ ትንሽ ነው ብሎ ይነሳል፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ውጤቱም እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ምርጫ የሚወስነው ስትሬይኑ ትንሽ ነው ወይ ብሎ ጠይቆ ነው። ሁለተኛ ጥያቄም አለ፦ ቁራጩ ምን ያህል ይዞራል? ብረት ስትሬይኑ ትንሽ ሆኖ ብዙ ሊዞር ይችላል። ቀጭን ስስ ብረት አስቡ። አጥፋችሁ ስትለቁት ይመለሳል፤ ሆኖም ጫፉ ብዙ ዲግሪ ዞሮ ነበር።

የትንሽ ስትሬይን ቀመር መዞርን አያውቅም። አንድ የብረት ዘንግ ሳይለጠጥ፣ ሳይጨመቅ፣ እንዳለ በ3 ዲግሪ ቢዞርና የኖዶቹን ትክክለኛ ዲስፕሌስመንት ለዚህ ቀመር ብንሰጠው የ0.00137 መጨመቅ አለ ይለናል። በ200,000 ሲባዛ 274 ሜጋፓስካል ነው። 275 ሜጋፓስካል ላይ ለዘለቄታው መለጠጥ የሚጀምር ተራ ብረት ምንም ጭነት ሳይኖረው አቅሙን ሊጨርስ ተቃረበ ማለት ነው። በ10 ዲግሪ የውሸቱ ስትሬይን ከ0.015 ያልፋል። ዲስፕሌስመንትን በካሜራ ለክተው ስትሬይኑን ራሳቸው የሚያሰሉ ሰዎች በተለይ ይህን ልብ ይበሉ።

ሊኒየር ስሌት ውስጥ ያው ችግር በሌላ መልክ ይመጣል። እያንዳንዱ ነጥብ በክቡ ዙሪያ በመጓዝ ፈንታ ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል። ስለዚህ የዞረው ቁራጭ በሥዕሉ ላይ ያበጠ ይመስላል። የአንድን ማራገቢያ ምላጭ መዞር በሊኒየር ስሌት ስታዩት ምላጩ ከረዘመ፣ ያ እውነተኛ መለጠጥ አይደለም።

ትልቅ ለውጥን የሚቆጥረው ስሌት ይህን ሁሉ ያስተካክላል። ዋጋው ጊዜ ነው። ጭነቱ በደረጃ ይከፋፈላል፤ በየደረጃው ደጋግሞ ይሰላል፤ አንዳንዴም አልገጥም ብሎ ይቆማል። ለመደበኛ ቢምና ኮለን ሊኒየር ይበቃል። የእኛ ቢም በ1000 ሚሊ ሜትር ላይ 2 ብቻ ይወርዳል፤ መጨነቅ አያስፈልግም። ለገመድ፣ ለቀጭን ሰሌዳ፣ ለድንኳን ጣሪያ፣ ወደ ጎን ሊከዳ ለሚችል ቀጭን ኮለን ግን ሊኒየር አይታመንም። ከተጠራጠራችሁ ሞዴሉን አንዴ በሁለቱም መንገድ አስሉት። የዲስፕሌስመንቱ ልዩነት ከ5 በመቶ ካለፈ ሊኒየሩን ተዉት። 5 በመቶ የእኔ ልማድ ነው፤ ሥራው ጥብቅ ከሆነ አጥብቁት።

የስትሬይን ቀመሮች ጎን ለጎን

ትልቅ ለውጥን የሚቆጥረውን ከመረጣችሁ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ስትሬይን አንድ ቀመር ብቻ የለውም። አንድ ዘንግ ሲለጠጥ ወይም ሲጨመቅ ሦስቱ እንዲህ ይሰጣሉ፦

| የርዝመት ለውጥ | የኢንጂነሪንግ | ሎጋሪትሚክ | ግሪን-ላግራንዥ |
|---|---|---|---|
| 1.01 እጥፍ | 0.0100 | 0.00995 | 0.01005 |
| 1.10 እጥፍ | 0.100 | 0.0953 | 0.105 |
| 2 እጥፍ | 1.00 | 0.693 | 1.50 |
| ግማሽ | -0.50 | -0.693 | -0.375 |

እስከ 1 በመቶ ድረስ ሦስቱም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ለመደበኛ ብረትና ኮንክሪት የትኛውንም ብትጠቀሙ ለውጥ የለውም። የአውሮፓ የኮንክሪት ደንብ የሆነው ዩሮኮድ 2 ተራ ኮንክሪት በመጨመቅ የሚሰበርበትን ስትሬይን 0.0035 ይለዋል፤ እዚያ ደረጃ ላይ ልዩነቱ አይታይም።

ከዚያ በላይ ሲሄድ ይለያያሉ። ሎጋሪትሚኩ የሚወደድበት ምክንያት ሰንጠረዡ ላይ ይታያል። እጥፍ መሆንና ግማሽ መሆን በምልክት ብቻ ይለያያሉ። በደረጃ የተለጠጠ ነገር ላይም ደረጃዎቹን ዝም ብሎ መደመር ይቻላል። ለፕላስቲክ ለውጥ (ጭነቱ ሲነሳ ለማይመለሰው)፣ ለብረት ማጠፍና መቅረጽ፣ ምርጫው ይህ ነው።

ግሪን-ላግራንዥ መዞርን ከስትሬይን ሙሉ በሙሉ ይለያል፤ ለማስላትም ቀላል ነው። ብዙ ለሚዞርና ትንሽ ለሚለጠጥ ነገር እጅግ ጥሩ ነው። ብዙ ለሚጨመቅ ነገር ግን ከተራው የሁክ ሕግ (ስትሬስ ከስትሬይን ጋር በተመጣጣኝ ያድጋል ከሚለው) ጋር አታጣምሩት። ዘንጉ ከመጀመሪያው ርዝመቱ 58 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ሞዴሉ ይበልጥ መቋቋም ሲገባው መለስለስ ይጀምራል።

ሶፍትዌሮቹ ይህን በየራሳቸው መንገድ ያወጡታል። አባከስ ትልቅ ለውጥ ሲበራ ለሶሊድ ኤለመንት ሎጋሪትሚኩን ይሰጣል። በነጻ የሚገኘው ካልኩሊክስ ለኢላስቲክ ነገር የላግራንዥን ያወጣል። ኮድ አስተር ሁለቱንም አለው፤ ትንሹን እና ግሪን-ላግራንዡን በተለያየ ስም ታዛላችሁ። የሁለት ሶፍትዌር ውጤት አልገጥም ሲላችሁ ሜሹን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን ተመልከቱ። ሸር ስትሬይን ላይም አንዱ ሙሉውን ማዕዘን፣ ሌላው ግማሹን ሊጽፍ ይችላል። ልዩነቱ በትክክል ሁለት እጥፍ ከሆነ ምክንያቱ ምናልባት ይኸው ነው።

የላብራቶሪ መረጃ ስታስገቡም ተጠንቀቁ። የመሳብ ፈተና ማሽን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ የኢንጂነሪንጉን ነው። ወደ ሎጋሪትሚክ ለመለወጥ አንድ ደምሮ የተፈጥሮ ሎጋሪትም (ln) መውሰድ ነው፤ ስትሬሱን ደግሞ በዚያው ድምር ማባዛት። ይህ የሚሠራው ናሙናው መሃሉ ላይ ቀጥኖ አንገት እስኪያወጣ ድረስ ብቻ ነው።

ቁጥሩን ከየት ማንበብ?

ሦስት ምርጫ አለ። የጋውስ ነጥብ፣ ያልተማከለ የኖድ ቁጥር (እያንዳንዱ ኤለመንት ለብቻው የሚሰጠው)፣ እና የተማከለ የኖድ ቁጥር (የጎረቤታሞቹ አማካይ)። የጋውስ ነጥብ ስሌቱ ራሱ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ ስትሬይኑም እዚያ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይታመናል። ጉዳቱ ገጹ ላይ አለመሆኑ ነው። የተማከለው ኖድ የጎረቤት ኤለመንቶችን ቁጥር አማክሎ ለዓይን ለስላሳ የሆነ ሥዕል ይሰጣል። ሪፖርት ላይ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው ያልተማከለውን ነው። ጎረቤታሞች ኖዱ ላይ የሚሰጡት ቁጥር ከተራራቀ ሜሹ እዚያ ሻካራ ነው። ዚየንኪዬቪችና ዡ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት የስህተት መገመቻ መነሻው ይኸው ነው፦ የለሰለሰውንና ጥሬውን ማወዳደር። ሁለት ዓይነት ቁስ በሚገናኝበት ድንበር ላይ ደግሞ ፈጽሞ አታማክሉ። ብረትና ኮንክሪት ሲነካኩ አንዳንዶቹ ስትሬይኖች በእውነትም ይዘላሉ። ያን ዝላይ ማለስለስ እውነትን መደበቅ ነው።

ወደ ውስጥ የገባ ሹል ማዕዘን ሌላ ጉዳይ ነው። ሜሹ በተቀጠነ ቁጥር ስትሬይኑ ያድጋል፤ ማቆሚያ የለውም። ዲስፕሌስመንቱ ግን ይረጋል። እዚያ የሚነበብ ትልቁ ቁጥር የሜሹ መጠን እንጂ የቁራጩ ባሕርይ አይደለም። ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ማዕዘኑ በእውነት ያለውን ክብነት መሳል፣ ወይ ራቅ ብሎ ማንበብ። ለብየዳ ዓለም አቀፉ የብየዳ ተቋም የሚመክረው መንገድ አለ። ከብየዳው ጠርዝ የሰሌዳው ውፍረት 0.4 እጥፍ እና 1 እጥፍ ርቀት ላይ ይነበባል። የመጀመሪያው በ1.67 ይባዛል፤ ከዚያ ሁለተኛው በ0.67 ተባዝቶ ይቀነሳል። ለድካም ስሌት (ጭነት ሲደጋገም ለሚመጣ መሰንጠቅ) በጣም የሚረዳ ዘዴ ነው።

የእኛን ቢም በሶሊድ ሠርታችሁ የግድግዳውን ፊት ሙሉ በሙሉ ብትቆልፉትም ጠርዙ ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ ይፈጠራል። ከግድግዳው 100 ሚሊ ሜትር ራቅ ብላችሁ አንብቡ። እዚያ የእጅ ስሌቱ 0.00027 ይላል። ሞዴሉም ያንኑ ካለ በቀሪው ቦታ ልታምኑት ትችላላችሁ።

ከስትሬይን ጌጅ ጋር ስናወዳድር

ስትሬይን ጌጅ ገጽ ላይ ተለጥፎ ስትሬይንን የሚለካ መሣሪያ ነው። የሚለጠፈው አንድ ነጥብ ላይ ይመስላል እንጂ የሚያነበው በሙሉ ስፋቱና ርዝመቱ ላይ ያለውን አማካይ ነው። ስትሬይኑ ቀስ ብሎ በሚለዋወጥበት ቦታ ይህ ችግር የለውም። ቢማችን ላይ 100 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ የተለጠፈ ጌጅ 270 ማይክሮስትሬይን ማንበብ አለበት፤ ለውጡ ቀጥ ያለ ስለሆነ አማካዩና መሃሉ አንድ ናቸው።

ቀዳዳ አጠገብ ግን ይለያል። ሰፊ ሰሌዳ ላይ ክብ ቀዳዳ ሲኖርና ሰሌዳው ሲሳብ በኪርሽ ቀመር መሠረት ጠርዙ ላይ ስትሬሱ 3 እጥፍ ይሆናል። ቀዳዳው 20 ሚሊ ሜትር፣ የጌጁ ስፋት 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጌጁ ጠርዙን ተጠግቶ ቢለጠፍ በስፋቱ ላይ ያለው የስትሬይን አማካይ 2.2 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። የጌጁ ርዝመት ሲታሰብ ከዚያም ይወርዳል። ሞዴሉ 3፣ ጌጁ 2.2 ካሉ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከሞዴሉ የጠርዙን ኖድ ብቻ አትውሰዱ። ጌጁ የሸፈነውን ቦታ ኖዶች በሙሉ ወስዳችሁ፣ በጌጁ አቅጣጫ ያለውን ስትሬይን አማክላችሁ አወዳድሩ።